ከሰማይ እስከ ታኮ፦ ተዋጊ ጄት ስለ ማሳረፍና መሬት ላይ ስለ መንዳት የተደረገ ምልልስ

አሠልጣኝ፦ ተዋጊ ጄት ለማረፍ ሲመጣ ብዙ ጉልበት ተሸክሞ ነው። ኤፍ-16ን እንውሰድ። አብዛኛውን ነዳጁን ጨርሶ ሲመለስ ክብደቱ አሥር ቶን ገደማ ነው። መሬት የሚነካውም በ140 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አሥር ቶን በዚያ ፍጥነት ሲሄድ 26 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል። መንደርደሪያው ሳያልቅ ይህ ሁሉ ጉልበት ከአውሮፕላኑ መውጣት አለበት፤ የሚወጣው ደግሞ ወይ በአየር ነው፣ ወይ በፍሬን። ማሳረፍ የሚባለው ሥራ በአመዛኙ ጉልበቱን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ማውጣት ነው።

ሰልጣኝ፦ ቅደም ተከተሉ የሚጀምረው ጎማው መሬት ሲነካ ነው ማለት ነው፣ መምህር?

አሠልጣኝ፦ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። አየሩ ጥርት ያለ ከሆነ ተዋጊ ጄቶች እንደ መንገደኛ አውሮፕላን ከሩቅ ጀምረው ቀስ እያሉ አይወርዱም። 1,500 ጫማ ከፍታ ይዘው፣ በ300 ኖት አካባቢ፣ በመንደርደሪያው አቅጣጫ ይገባሉ። አናቱ ላይ ሲደርሱ ክንፋቸውን ደፍተው 180 ዲግሪ ይታጠፋሉ። አራት ሆነው ከመጡ መጀመሪያ መሪው ይታጠፋል፤ ሌሎቹ ጥቂት ሰከንድ እየጠበቁ ተራ በተራ ይከተሉታል። በዚህ ዘዴ አብረው የመጡት አየር ላይ ሳሉ ይሰለፋሉ። ጠንከር ያለው መታጠፍ ራሱ ደግሞ ፍጥነት ይበላል። ዘዴው በጦርነት ጊዜም ይጠቅማል፤ ዝግ ብሎ በረጅም ቀጥታ መስመር የሚመጣ ጄት ከመሬት ለሚተኩስ ሰው የተመቸ ኢላማ ነውና።

ሰልጣኝ፦ ጎማውስ መቼ ይወርዳል?

አሠልጣኝ፦ ከታጠፈ በኋላ፣ ከመንደርደሪያው ጎን በተቃራኒ አቅጣጫ ሲበር። በኤፍ-16 ጎማ ለማውረድ ፍጥነቱ ከ300 ኖት መብለጥ የለበትም። የጎማው እጀታ ሲወርድ ከክንፉ ኋላ ያሉት ፍላፖች አብረው ይወርዳሉ፤ ለፍላፕ የተለየ እጀታ የለም። የበረራ ኮምፒውተሩም ለመሪው የሚሰጠውን ምላሽ ለማረፍ እንዲስማማ አድርጎ ይቀይረዋል። አብራሪው ሦስቱም አረንጓዴ መብራቶች መብራታቸውን አይቶ ያረጋግጣል። ሚግ-23 ላይ በዚህ ሰዓት ሌላም ነገር ይከናወናል። ከሆዱ ሥር ያለችው ቀጥ ያለች ክንፍ መሬት እንዳትነካ ጎማው ሲወርድ ወደ ጎን ትተኛለች። ወደ ኋላ የሚታጠፉት ትልልቅ ክንፎቹ ደግሞ ለማረፍ ወደ ፊት ይዘረጋሉ።

ሰልጣኝ፦ ከዚያ በኋላ አብራሪው ዓይኑን የሚተክለው የፍጥነት መለኪያው ላይ ይሆን?

አሠልጣኝ፦ ያየዋል፤ ነገር ግን ዋናው እሱ አይደለም። ትክክለኛው ፍጥነት እንደ ክብደቱ ይለያያል። ነዳጅ የተረፈው ወይም ያልተተኮሰ ሚሳይል ይዞ የተመለሰ ጄት ፈጠን ብሎ መምጣት አለበት፤ የቀለለው ደግሞ ዝግ ብሎ። የማይለወጠው ክንፉ መጪውን አየር የሚቀበልበት ማዕዘን ነው። በኤፍ-16 ይህ የክንፍ ማዕዘን ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይያዛል። ማዕዘኑ ልክ ከሆነ ፍጥነቱ ለዚያ ክብደት ልክ ነው ማለት ነው። ከፊት መስታወቱ በስተግራ ሦስት ምልክት ያለባት ትንሽ መብራት አለች። መሐሉ ላይ ያለው አረንጓዴ ክብ ሲበራ ማዕዘኑ ተይዟል። የላይኛው ቀይ ምልክት ሲበራ ጄቱ ከሚገባው በላይ ዝግ ብሏል፤ የታችኛው ቢጫ ሲበራ ፈጥኗል። ነዳጅና ክብደት አስልቶ የሚጠበቀውን ፍጥነት አስቀድሞ ማወቅም ግዴታ ነው። መብራቷና ስሌቱ ካልተስማሙ አንዱ ተሳስቷል፤ የትኛው እንደሆነ መታወቅ ያለበት መሬት ሳይቀርብ ነው።

ሰልጣኝ፦ ወዴት እየወረደ እንዳለስ በምን ያውቃል? አፍንጫው ቀና ብሎ ሳለ አካሄዱ ቁልቁል ነው።

አሠልጣኝ፦ ለዚህም ነው አፍንጫው ያመለከተበትን ቦታ ማመን የሚያሳስተው። ፊት ለፊት ያለው መስታወት ላይ አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚሄድበትን አቅጣጫ የምታሳይ አንዲት ትንሽ ክብ ትታያለች። አብራሪው ክቧን የመንደርደሪያው መነሻ ላይ ያስቀምጣትና ቁልቁለቱን በ3 ዲግሪ ገደማ ይጠብቃል። በዚህ ዝግታ ላይ ለጀማሪ የሚከብደው የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው ስሮትልና መሪው የሥራ ድርሻቸውን መለዋወጣቸው ነው። ዝቅ ያለ ሲመስለው መሪውን ቢጎትት አፍንጫው ቀና ይላል፤ ጄቱ ግን ከፍ አይልም። የአየሩ መጎተት ይጨምርና ፍጥነት ይጠፋል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከበፊቱ ይበልጥ ይሰምጣል። መስመጡን የሚያስቆመው የሞተሩ ኃይል ነው። በሦስት መቶ ጫማ ላይ ሁሉም ነገር ካልተስተካከለ ትክክለኛው ውሳኔ ኃይል ሰጥቶ መነሣትና እንደገና መዞር ነው። ይህን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ አሉ። ከሚደርሱት የማረፊያ አደጋዎች ብዙዎቹ ግን መጥፎ አመጣጥን ለማዳን ከመታገል የመጡ ናቸው።

ሰልጣኝ፦ መሬት ሲቃረብ ምን ያደርጋል?

አሠልጣኝ፦ ቁልቁለቱን ለማለዘብ አፍንጫውን ጥቂት ቀና ያደርጋል፤ ስሮትሉን ቀስ ብሎ ይመልሳል፤ በ13 ዲግሪ ገደማ በዋናዎቹ ጎማዎች ይነካል። ለስላሳ ለመንካት ብሎ ጄቱን እየጎተተ አየር ላይ ማንሳፈፍ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ መንደርደሪያውን ይበላል። ሁለተኛ አፍንጫው ከ15 ዲግሪ በላይ ካለፈ የሞተሩ ጭስ ማውጫና በጭራው ግራና ቀኝ ያሉት የአየር ፍሬኖች ከአስፋልቱ ጋር ይፋቃሉ። ሙሉ በሙሉ ሲከፈቱ 60 ዲግሪ የሚደርሱት እነዚህ ፍሬኖች ጎማው ወርዶ ሳለ በ43 ዲግሪ የሚገደቡት በዚሁ ምክንያት ነው።

መካኒክ፦ ያም ሆኖ ይፋቃሉ። መፋቁን ከአብራሪው ቀድሞ የሚያውቀው ቀለሙን የሚያየው ሰው ነው።

አሠልጣኝ፦ እውነት ነው። ከመርከብ የሚነሱት ኤፍ/ኤ-18ዎች ይህን ችግር አያውቁትም፤ ቁልቁለቱን ሳያለዝቡ እንደመጡ ይነካሉ። የማረፊያ እግራቸው ያንን እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል። አብራሪው ጎማው እንደነካ ስሮትሉን ይገፋል እንጂ አይመልስም። መንጠቆው የመርከቧን ገመድ ከሳተ እንደገና መብረር አለበትና። ሚግ-21 ደግሞ በሌላ በኩል ይለያል። ክንፉ ስስና ትንሽ ስለሆነ በጣም ፈጥኖ ይመጣል። በኋለኞቹ ሞዴሎች ከሞተሩ የተወሰደ አየር በፍላፖቹ ላይ ይነፋል፤ ይህም ክንፉ በዝግታ እንዲሸከም ይረዳል። ችግሩ ነፋሱ ከሞተሩ መምጣቱ ነው። መሬት ሳይነካ ስሮትሉን በድንገት የመለሰ አብራሪ ከግፊቱ ጋር የክንፉን መሸከምም ይቀንሳል።

ሰልጣኝ፦ ጎማው ነካ እንበል። አሁን ፍሬን ነው?

አሠልጣኝ፦ አይደለም። ለኤፍ-16 ዋናው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዋናዎቹ ጎማዎች መሬት ላይ ሆነው አፍንጫው ወደ 13 ዲግሪ ቀና እንዳለ ይቆያል። ሰፊው ሆድና ክንፉ አየሩን እንደ ግድግዳ ይቀበሉታል። ስሌቱን ተመልከት። በ140 ኖት 26 ሚሊዮን ጁል ነበር። ፍጥነቱ ወደ 100 ኖት ሲወርድ ጉልበቱ ወደ 13 ሚሊዮን ይቀንሳል፤ ጉልበት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ ግማሹ ወጥቷል ማለት ነው። በ80 ኖት የቀረው ሲሶው ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የወጣው ፍሬን ሳይነካ፣ ከጎማ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሳይበላ ነው።

መካኒክ፦ ፍሬን ዋጋ አለው፤ አየር በነጻ ነው።

ሰልጣኝ፦ ታዲያ አፍንጫውን እስከሚቆም ድረስ ለምን አያቆየውም?

አሠልጣኝ፦ ስለማይችል። አፍንጫውን ቀና አድርጎ የያዘው ጭራው ላይ ያለው አግድም ክንፍ ነው፤ እሱም ኃይሉን የሚያገኘው ከአየሩ ፍሰት ነው። ፍጥነቱ ሲወርድ መሪው ሙሉ በሙሉ ቢጎተትም አፍንጫው በራሱ ይወድቃል። በራሱ ሲወድቅ ደግሞ በኃይል ነው፤ የፊት ጎማው እግር ይመታል። ስለዚህ ከ100 እስከ 80 ኖት ባለው መካከል አብራሪው ራሱ በለዘብታ ያወርደዋል። የፊት ጎማው ከነካ በኋላ የመፋቅ ስጋት ስለሌለ የአየር ፍሬኖቹን ሙሉ ለሙሉ ይከፍታል። መሪውን ወደ ኋላ እንደጎተተ ያቆየዋል። ያ አግድም ክንፍ አሁንም አየር ይይዛል፤ ክብደቱንም ወደ ዋናዎቹ ጎማዎች ይጭናል። ከዚያ በኋላ ፍሬን።

ሰልጣኝ፦ ፍሬኑ እንዴት ይያዛል?

አሠልጣኝ፦ በሁለቱ ፔዳሎች ጫፍ፣ በሁለቱም እግር እኩል። ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ ስላለ በጥንካሬ መያዝ ይቻላል። ይህን መሣሪያ ያላመነ አብራሪ ፍሬኑን ደጋግሞ ይረግጥና ይለቃል፤ ይህ ዘዴ መሣሪያው ባልነበረበት ዘመን የተለመደ ነው፤ ዛሬ ግን የሚቆምበትን ርቀት ያረዝመዋል።

መካኒክ፦ ከዚህ የባሰ ልማድ አለ። ሦስት ሺህ ሜትር መንደርደሪያ ፊቱ ተዘርግቶ ሳለ የመጀመሪያው መውጫ እንዳያመልጠው ብሎ ፍሬኑ ላይ የሚቆም አለ። ሁለት ደቂቃ ያተርፋል፤ እኛ ግን አንድ ሙሉ ፍሬን እንለውጣለን።

አሠልጣኝ፦ ይህ ነቀፋ ትክክል ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ከኋላው በጥቂት ሰከንድ ልዩነት ሌላ ጄት እየመጣ ከሆነ መንደርደሪያውን የመልቀቅ ግዴታ አለበት። ለዚህ የተበጀ ዘዴ አለ። ፍጥነቱን የቀነሰው ጄት ወደ መውጫው ወገን ጠጋ ብሎ ሌላውን ወገን ባዶ ይተዋል። ከኋላ የሚመጣው ፍሬኑ ቢከዳው የሚያልፍበት መንገድ አለው።

ሰልጣኝ፦ መንደርደሪያው ዝናብ የጠጣ ከሆነስ?

አሠልጣኝ፦ ያኔ ጎማው ውኃው ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። በናሳ ጥናት የተገኘ ቀላል ቀመር አለ። የጎማውን የአየር ግፊት በፓውንድ በካሬ ኢንች ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ9 ማባዛት ነው፤ ውጤቱ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት በኖት ነው። ግፊቱ 200 ከሆነ 127 ኖት ይመጣል። ገና ያልተሽከረከረ ጎማ ግን ከዚያም ባነሰ ፍጥነት ይንሳፈፋል። በ140 ኖት መሬት የነካ ጄት እንግዲህ ለመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከአስፋልት ይልቅ ውኃ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በደረቅ ቀን የሚወደሰው ለስላሳ አነካክ እዚህ ጉዳት ያመጣል። ጎማው ውኃውን ሰብሮ እንዲሽከረከር ጠንከር አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። አፍንጫውን ቀና አድርጎ አየሩን መጠቀምም የበለጠ ይጠቅማል፤ አየሩ ጎማው ውኃ ላይ መሆኑን አይለይምና።

ሰልጣኝ፦ ከጎን ነፋስ ሲመጣ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ዞሮ ይመጣል። መሬት ከመንካቱ በፊት ያቃናዋል?

አሠልጣኝ፦ በኤፍ-16 የተለመደው ክንፎቹን ደልድሎ፣ አፍንጫው ወደ ነፋሱ እንደዞረ መንካት ነው። ጎማዎቹ መሬቱን ሲይዙ አውሮፕላኑ ራሱን ወደ ሄደበት አቅጣጫ ያቃናል። ከዚያ በኋላ ነፋሱ በመጣበት በኩል ያለው ክንፍ እንዳይነሣ መሪውን ወደ ነፋሱ ያዘነብላል። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ በዋናዎቹ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ሁለት ሜትር ተኩል አይሞላም። ጎማዎቹ የሚወጡት ከክንፉ ሳይሆን ከሆዱ ስለሆነ ነው።

መካኒክ፦ ሦስት ጎማ፣ ጠባብ እግር፣ ከላይ ከባድ። ባጃጅ ነው። በፍጥነት የታጠፈ ባጃጅ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም።

ሰልጣኝ፦ ብዙ ጄቶች ከኋላቸው ፓራሹት ይለቃሉ። ኤፍ-16 ለምን የለውም?

አሠልጣኝ፦ ያላቸው አሉ። ኖርዌይ በበረዶ በሚሸፈኑ መንደርደሪያዎቿ ምክንያት ለራሷ ኤፍ-16ዎች ከቀጥተኛው ጭራ ሥር ፓራሹት አስገጥማላቸው ነበር። የአሜሪካዎቹ ግን የላቸውም፤ በአፍንጫው ቀና ማለትና በፍሬን ይበቃቸዋል ተብሎ ነው። ሚግ-21 ያለ ፓራሹት ብዙ መንገድ ይፈልጋል። ሱኮይ-27 ፓራሹቱን የሚይዘው በሁለቱ ሞተሮች መካከል ወደ ኋላ በወጣው ዘንግ ውስጥ ነው። ፓራሹት የሚጠቅመው ፍጥነቱ ከፍ ባለበት በመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ዝግ ሲል የሚይዘው አየር ትንሽ ነው። ከጎን ነፋስ ካለ ደግሞ ጭራውን እየገፋ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞረዋል። አብራሪው መቆጣጠር ካልቻለ ፓራሹቱን ቆርጦ መጣል አለበት። የስዊድኑ ግሪፐን ደግሞ ሌላ መንገድ መርጧል። ከፊቱ ያሉት ትንንሽ ክንፎች መሬት ከነካ በኋላ ወደ ፊት ደፍተው አየሩን ይጋፈጣሉ፤ ጄቱንም ወደ መሬት ይጫኑታል።

ሰልጣኝ፦ ሁሉም ቢከሽፍስ? ፍሬኑም ቢጠፋ?

አሠልጣኝ፦ መንጠቆ አለ። ኤፍ-16 ከጭራው ሥር የተጣጠፈ መንጠቆ ይዞ ይበራል። በጦር ሠፈሮች መንደርደሪያ ጫፍ ላይ አግድም የተዘረጋ የብረት ገመድ አለ፤ ሁለቱ ጫፎቹ ጉልበት ከሚውጡ መሣሪያዎች ጋር የተያያዙ ናቸው። ከመርከብ የሚለየው መንጠቆው የመጨረሻ ማዳኛ መሆኑ ነው። ለዚህም መንጠቆው ከገመዱ በፊት በቂ ርቀት ላይ መውረድ አለበት፤ ጄቱም ገመዱን በመሐሉ ማግኘት ይገባዋል።

ሰልጣኝ፦ ይህ ሁሉ ስሌት የባሕር ጠለል ላይ ላለ መንደርደሪያ ነው። የቢሾፍቱው ሐረር ሜዳ የአየር ኃይል ሠፈር ግን ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

አሠልጣኝ፦ ልዩነቱ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። የፍጥነት መለኪያው የሚያነበው የአየሩን ግፊት ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ መለኪያው ያንኑ 140 ኖት ቢያሳይም አውሮፕላኑ በእውነት የሚሄደው ፈጥኖ ነው። በ1,900 ሜትር ልዩነቱ አሥር በመቶ ገደማ ይሆናል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሚደርስበት ቀትር ደግሞ ወደ አሥራ አራት በመቶ ያድጋል። 140 የተነበበው ወደ 160 ኖት ይሆናል ማለት ነው። ጉልበቱ በስኩዌር ስለሚሄድ 26 ሚሊዮን የነበረው ወደ 34 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ኢትዮጵያ ኤፍ-16 የላትም፤ ቁጥሩ ለማሳያ ነው። ሕጉ ግን እ.ኤ.አ. በ1960 ለመጡት ኤፍ-86 ሳብሮችም፣ በ1966 ለተጀመሩት ኤፍ-5ዎችም፣ በ1977 ለገቡት ሚግ-21ዎችም፣ በ1998 ለመጡት ሱኮይ-27ዎችም እኩል ይሠራል። ድሬዳዋ ከ1,200 ሜትር በታች ስለሆነች በከፍታ ትሻላለች፤ በሙቀቷ ግን ከተረፈው ላይ ትቀንሳለች።

መካኒክ፦ የፍሬን ሙቀት የሚሰላው በእውነተኛው ፍጥነት ነው። ፍሬኑ መለኪያውን አያነብም።

ሰልጣኝ፦ እሺ፣ መንደርደሪያውን ለቀቀ። ከዚህ በኋላ የቀረው እንደ መኪና መንዳት አይደለም?

መካኒክ፦ ይህን የሚል አብራሪ ነው ጎማውን ሣር ውስጥ የሚያስገባው፣ ልጄ። ጄቱ የተሠራው ለሰማይ ነው፤ መሬት ላይ እንግዳ ነው። መጀመሪያ የሚያስቸግረው ሞተሩ ነው። ስሮትሉ እስከ መጨረሻው ተመልሶም ሞተሩ መግፋቱን አያቆምም። ነዳጁን የጨረሰ ቀላል ኤፍ-16 ማንም ሳይነካው እየፈጠነ ይሄዳል። ኋላ ያለው ጭስ ማውጫ መሬት ላይ ሰፍቶ እንዲከፈት የተደረገው ይህን ግፊት ለመቀነስ ነው፤ ግን ፈጽሞ አያጠፋውም።

ሰልጣኝ፦ ስለዚህ ፍሬን ረግጦ ይሄዳል።

መካኒክ፦ አይሆንም። ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ የተረገጠ ፍሬን አይበርድም፤ ሙቀቱ ይከማቻል። ትክክለኛው ትንሽ እንዲፈጥን መተው፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ መያዝና ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው። በቀጥታ መንገድ ላይ ከ25 ኖት፣ በመታጠፊያ ላይ ከ10 ኖት አይበልጥም። ኮክፒቱ ከፍ ያለና ክዳኑ ሰፊ ስለሆነ ፍጥነቱ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል፤ ዓይንን ሳይሆን ቁጥሩን ማመን ነው።

ሰልጣኝ፦ መሪውስ?

አሠልጣኝ፦ በመሪው ዘንግ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን የፊት ጎማው ከፔዳሎቹ ጋር ይገናኛል፤ ወደ ግራና ቀኝ 32 ዲግሪ ይዞራል። ከመጫኑ በፊት ፔዳሎቹ መሐል ላይ መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ጎማው በድንገት ይዞራል። በፍጥነት ላይ ሳለ ይህ አደገኛ ነው። የፊት ጎማው ከአብራሪው ኋላ ስለሆነ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ከመስመሩ አልፎ ሄዶ ነው ማዞር የሚጀምረው። የመኪና ልማድ ያለው ሰው ቀድሞ ያዞርና የውስጠኛውን ጎማ ከአስፋልት ያወጣዋል። ሚግ-21 ጭራሽ የሚታዘዝ የፊት ጎማ የለውም፤ በነጻ ይዞራል። አብራሪው በመሪው ዘንግ ላይ ያለችውን የፍሬን ማንሻ ይጨብጣል፤ ፔዳሎቹ ደግሞ የታመቀውን አየር ለየትኛው ጎማ እንደሚሰጡ ይወስናሉ። በአንድ በኩል ይያዛል፣ በሌላው ይለቀቃል፣ ጄቱ ይዞራል። ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ማዞር ስለሚከብድ እየተንቀሳቀሰ እያለ መታጠፊያውን ማሰብ አለበት።

ሰልጣኝ፦ መካኒኮች መሬት ለመሬት እያዩ ሲሄዱ ይታያሉ። ምን ይፈልጋሉ?

መካኒክ፦ ጠጠር፣ ብሎን፣ የሽቦ ቁራጭ፣ የወደቀ እስክሪብቶ። የኤፍ-16 የአየር ማስገቢያ ከሆዱ ሥር፣ ወደ መሬት ቀርቦ የተከፈተ አፍ ነው። ንድፍ አውጪዎቹ የፊት ጎማውን ከአፉ ኋላ ያደረጉት ጎማው የሚያስፈነጥረው ጠጠር ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ከፊት የሚሄደው ጄት የሚነፋው ግን ይገባል። ለዚህ ነው በአንድ መስመር ሲከታተሉ 300 ጫማ፣ ቀኝና ግራ ተፈራርቀው ሲሄዱ 150 ጫማ የሚራራቁት። ሩስያውያኑ ሻካራ መንደርደሪያ አስበው ሌላ መላ መቱ። ሚግ-29 መሬት ላይ ሳለ ዋናው የአየር ማስገቢያ በመዝጊያ ይዘጋል፤ ሞተሩ በክንፉ መነሻ ላይ በተሠሩ ቀዳዳዎች ከላይ አየር ይስባል። ሱኮይ-27 በማስገቢያው ውስጥ የብረት ወንፊት ያነሣል። በሁለቱም የፊት ጎማ ላይ ጭቃ መከላከያ አለ። ወንፊቱ ሰውን አያድንም ግን፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ከማንኛውም ጄት ፊት የሚያልፍ መካኒክ መኖር የለበትም።

ሰልጣኝ፦ ቀጥታ ወደ ማቆሚያው ይሄዳል?

አሠልጣኝ፦ ትጥቅ ይዞ ከሆነ አይሄድም። መጀመሪያ ከመንደርደሪያው ወጣ ብሎ በተለየ ቦታ ይቆማል፤ አፍንጫው ሰውና ሕንጻ ወደሌለበት አቅጣጫ ይሆናል። ሠራተኞቹ መሣሪያዎቹ ላይ የደኅንነት ፒን እስኪያስገቡ አብራሪው እጆቹን ከመክፈቻዎች አርቆ በግልጽ እንዲታዩ ያደርጋል። በአደጋ ጊዜ አብራሪውን የሚያስፈነጥረው መቀመጫም ከመንደርደሪያው ከወጣ በኋላ በማንሻው ይቆለፋል።

መካኒክ፦ ሁለት ነገሮች ግን ይህን ሁሉ ይቀይራሉ። አንዱ የጋለ ፍሬን ነው። ሙቀቱ ጣሪያ የሚደርሰው ጄቱ ሲቆም ሳይሆን ከዚያ ብዙ ደቂቃ በኋላ ነው፤ ከፍሬኑ ወደ ጎማው ብረት ቀስ እያለ ይሻገራልና። የጎማው ብረት ላይ በሙቀት የሚቀልጡ ትንንሽ መድፈኛዎች አሉ። ጎማው ከመፈንዳቱ በፊት ቀልጠው አየሩን ያስወጡታል። ይሠራሉ ተብሎ ግን ማንም ከጎን አይቀርብም፤ ጎማ ሲፈነዳ ስብርባሪው የሚወረወረው ወደ ጎን ነው። መቅረብ ግድ ከሆነ ከፊት ወይም ከኋላ ነው። ፍሬኑ የጋለ የመሰለው አብራሪ ከሌሎች ጄቶች መሐል አይገባም፤ ለዚህ በተመደበው ቦታ ይቆማል፣ የማቆሚያ ፍሬኑንም አይይዝም።

ሰልጣኝ፦ ሁለተኛውስ?

መካኒክ፦ ሃይድራዚን። ኤፍ-16 አንድ ሞተር ብቻ ስላለው ሞተሩ ቢቆም መሪው እንዳይሞት ሃይድሮሊክና ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ድንገተኛ መሣሪያ አለው። ነዳጁ 70 በመቶ ሃይድራዚን፣ ቀሪው ውኃ ነው። ሃይድራዚን መርዝ ነው፤ እንደ አሞኒያ ይሸታል፤ ከሸተተ ደግሞ ቀድሞ ተተንፍሷል ማለት ነው። መሣሪያው በርቶ የመጣ ጄት ከሰው ርቆ፣ ነፋሱ ታይቶ ይቆማል። አብራሪው ኦክስጅኑን መቶ በመቶ አድርጎ ይጠብቃል። መከላከያ ልብስ የለበሱ ሰዎች እስኪያዩት ድረስ ማንም አይቀርብም።

ሰልጣኝ፦ ምንም ችግር ከሌለስ?

መካኒክ፦ ከፊት የቆመው ሰው በእጁ እየጠቆመ ያስገባዋል። አብራሪው በቀስታ ይመጣል። ጠቋሚው ክንዱን ካጠላለፈ በኋላ ከጎማው ሥር ታኮ ይገባል። ስሮትሉ ተዘግቶ ሞተሩ የሚጠፋው ታኮው ከገባ በኋላ ነው፤ የሃይድሮሊክ ግፊቱ ከሞተሩ ጋር ይጠፋል፣ ፍሬኑም ለብዙ ጊዜ አይታመንም። ከዚያ የማረፊያ እግሮቹ፣ መንጠቆውና የድንገተኛ መሣሪያው ፒኖች ይገባሉ።

ሰልጣኝ፦ አብራሪው ሥራውን የሚጨርሰው ያኔ ነው?

መካኒክ፦ መዝገቡ ላይ ሲፈርም ነው። ጠንክሮ ከነካ ይጻፋል፤ የማረፊያ እግሩ ተፈትሾ ካልታየ እንደገና አይበርም። ፍሬኑን በምን ያህል ፍጥነት እንደያዘ ይጻፋል፤ የመቀዝቀዣ ጊዜው የሚሰላው ከዚያ ነው። ጭራው መሬት ነክቶ ከሆነም ይጻፋል። ተሰምቶት ያልጻፈውን እኔ ቀለሙ ላይ አገኘዋለሁ፤ ያኔ ግን ጄቱ ለሚቀጥለው በረራ ተመድቦ ይሆናል።